ባለሙያው እንደሚሉት

«ልጄን አገናኚኝ» አሉ አንዲት እናት በስልክ።

ሠርካለም ቁጥሩን አየችው፤ አታውቀውም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ቀትር ላይ ለአዘጋጇ የምታስረክበው ጽሑፍ ገና ግማሽ ነው። አዲስ አበባ ያለ የቢዝነስ ጋዜጠኛ በዚህ ሰዓት የገዛ እናቱም ብትደውል አያነሳም። ለምን እንዳነሳች ኋላም አልገባትም።

«የትኛውን ልጅዎን?»

«አለምነህን ነዋ። ጋዜጣሽ ላይ የሚናገረውን። የሺወርቅ እባላለሁ፣ ከዳባት ነኝ። ከጥቅምት መድኃኔዓለም ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። ላንቺ ግን ይናገራል አሉኝ። ባለፈው ሳምንትም ተናግሯል ብለው አነበቡልኝ። ምን በድዬው እንዳኮረፈኝ ጠይቂልኝ፣ የኔ ልጅ። እሱም ቢቀር ደህና ነው በይኝና ልረፍ።»

ሠርካለም «ደህና ነው» ልትል ነበር። አፏ እምቢ አላት።

«መልሼ እደውልልዎታለሁ» ብላ ዘጋች። ጽሑፏን ግን በዚያ ቀን ዳግመኛ አልነካችውም።

አለምነህ የሰብል ባለሙያ ነው። ጋዜጣው ላይ ስሙ ሰባት ጊዜ ወጥቷል፤ ሰባቱንም ጊዜ ያወጣችው ሠርካለም ናት። ያገናኛቸው ደግሞ ያርጋል የሚባል የደባርቅ ሰው ነው።

የሠርካለም የኢሜይል ሳጥን ጠዋት ጠዋት የቅዳሜ ገበያ ነው። ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም «ድንቅ ታሪክ አለኝ» ይላል፣ ሁሉም የሚያስተዋውቀው ሸቀጥ ከጀርባው ደብቋል። ያርጋልም ያው ነበር፤ ለአንድ የቢራ ገብስ ዘር አከፋፋይ ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ይሠራል። ግን ሥራውን ያውቃል። ደብዳቤው ከሦስት መስመር አይበልጥም። ታሪኩ ምንድን ነው፣ ለምን በዚህ ሳምንት፣ የሚናገረው ባለሙያ ማነው። ከሥሩ ደግሞ ተቆርጦ የሚለጠፍ የባለሙያው ቃል። ለቸኮለ ጋዜጠኛ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም፤ ሠርካለም ደግሞ ያልቸኮለችበትን ቀን ማስታወስ አትችልም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ አለምነህን በስልክ አነጋግራዋለች። ረጋ ያለ፣ ሳያጣራ የማይመልስ ሰው ነበር። ከዚያ ያርጋል «አምባራስ የሚባል የተራራ መንደር ወጥቷል፣ ኔትወርክ የለም፤ ጥያቄሽን ለኔ ላኪው፣ መልሱን አመጣልሻለሁ» አላት። አመጣላትም። አምስት ጊዜ። የመጨረሻው ባለፈው ሳምንት የወጣው ነው፤ ባለሙያው እንደሚሉት፣ ዘሩ ለዘንድሮም አስተማማኝ ነው።

ስልኳን ከፍታ ወደ ጥቅምት ሃያ ሰባት ተመለሰች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ አለምነህ ደውሎ ነበር። አላነሳችም። ከሥሩ የራሷ መልእክት አለ፦ «ዴድላይን ላይ ነኝ። በያርጋል በኩል ላክልኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ በራሱ ስልክ አንድም ቃል አልደረሳትም። ደነገጠች። እስከዛሬ አለማየቷ ደግሞ ይበልጥ አስደነገጣት።

በማግስቱ በአውሮፕላን ጎንደር ደረሰች፤ ከዚያ ሚኒባስ ተሳፍራ በአምባ ጊዮርጊስ አድርጋ ዳባት ገባች።

ሰኔ ነው። ጉሙ ከቤቶቹ ጣራ ላይ አልነሳ ብሏል። የሺወርቅ የቄስ ሚስት የነበሩ፣ አሁን ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው። ጥቁር ልብስ አሰፍተው ሳጥን ውስጥ ከተውታል። አይለብሱት፣ አይጥሉት። እንግዳቸውን አስቀምጠው ፊቷን ሲመረምሩ ቆዩ።

«ኮቴውን እሰማለሁ» አሉ። «እስከ ደጁ ይመጣል። አይገባም። ሞቷል እንዳልል ጋዜጣው አለ። አለ እንዳልል፣ የኔ ልጅ እናቱን ሰባት ወር አይተውም።»

«ካህናቱንስ አላማከሩም?»

«አማከርኩ እንጂ። ፍትሐት ይደረግለት ብዬ ለመንኩ። ‹በጋዜጣ የሚናገር ሰው እንዴት ይፈታል?› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እንግዲያው ለታመሙት ስትጸልዩ ስሙን ጥሩልኝ አልኩ። ‹ታሟል ወይ?› አሉኝ። እኔ ምኑን አውቄ።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። «ስታወሪው ድምፁ እንዴት ነው? ጉንፋን ይይዘው ነበር።»

«ድምፁን አልሰማሁም እማማ። በጽሑፍ ነው የሚመልስልኝ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከጥቅምት።»

ውጭ አንድ ሰው በጭቃው ውስጥ ሲያልፍ ተሰማ፤ ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ። ኮቴው አልፎ ሄደ።

«እንግዲህ አንቺ ነሽ ያለ ያስመሰልሽው» አሉ፣ ሳይቆጡ። «አንቺው ለይተሽ ንገሪኝ። አለ በይኝ ወይም የለም በይኝ። ለሕያው ልጸልይ፣ ለሙት ላልቅስ፣ አላውቅም። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ሠርካለም ቃል ገባች። ከጋዜጠኛ የማይጠበቅ ነገር ነው፤ ገባች ግን።

ደባርቅ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ኢንስፔክተር ገዱ ወንበር ሳበላት። ሃምሳውን ያለፈ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው።

«ፋይሉ ተዘግቷል።»

«ለምን ተዘጋ?»

ፋይሉን ገለጠና አንድ የጋዜጣ ቁራጭ ወደ እሷ ገፋ። የኅዳር አሥራ ሁለት ጽሑፏ ነው። አንድ መስመር በቀይ ተሰምሮበታል፤ ባለሙያው እንደሚሉት።

«ጠፋ ሲባል ፍለጋ ወጣን» አለ ገዱ። «ልደቱ የሚባል የፓርክ ጥበቃ የሰውየውን ጃኬት ለብሶ ተገኘ። አሰርነው። ገድሎታል ብዬ እኔ ራሴ አምኜ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይሄ መጣ። የሚናገር ሰው ሬሳው አይፈለግም። ልደቱን ለቀቅነው፣ ፋይሉን ዘጋነው።»

«ጋዜጣውን ማን አመጣላችሁ?»

«አብሮ አደጉ። ያርጋል።»

ሁለቱም ቁራጩን አዩት።

«አንቺ ግን አናግረሽዋል አይደል?» አለ ገዱ።

«አላናገርኩትም።»

«ይሄን ስትጽፊ?»

«ያርጋል የላከልኝን ነው የጻፍኩት።»

ኢንስፔክተሩ ካፖርቱን ከመስቀያው አወረደ። «እኔ አንቺን አምኜ፣ አንቺ እሱን አምነሽ» አለ። «ነይ፣ ቡይት ራስ እንውጣ።»

ቡይት ራስ የሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ ነው። ጥሩ ቀን ቢሆን ገደሉ ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ያን ቀን ከአሥር እርምጃ በላይ አይታይም ነበር። ልደቱ ጠመንጃውን አንግቶ በጉሙ ውስጥ ቆሞ ጠበቃቸው። ፖሊሱን ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ጃኬቱን ከየት አመጣኸው?»

«ስንቴ ልናገር ጌታዬ? ከገደሉ አፋፍ። በማግስቱ። ቁጥቋጦ ይዞት ነበር።»

«ለምን ለበስከው?»

«በርዶኝ።»

«ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ምን አየህ?»

«ሁለት ሰዎች ሲወጡ አየሁ። ጉም ነበር፣ ፊታቸውን አልለየሁም። የተመለሰው አንድ ነው። ይሄንንም ስታስሩኝ ተናግሬ ነበር። ጋዜጣው ሲመጣ ሰውየው አለ ተባለ። በሌላ መንገድ ወርዶ ይሆናል ብዬ እኔም ተውኩት።» ልደቱ ወደ አፋፉ ላለማየት አንገቱን አዞረ። «ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ብቻዬን አላልፍም። ሰው የሚጠራኝ ይመስለኛል። በስሜ አይደለም የሚጠራኝ። እንዲያው ይጠራል።»

ሠርካለም ከአፋፉ ራቅ ብላ ቆመች።

ያርጋልን ያገኙት ደባርቅ፣ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ነው። ጥሩ ለባሽ፣ ሳቂታ፣ እንግዳ ሲቀበል ደረቱ የሚሰፋ ሰው ነው። ሠርካለምን አቀፋት። ይህን ሰው በደብዳቤው ትወደው እንደነበር ትዝ አላትና አፈረች።

አለምነህ የት እንዳለ ጠየቀችው። «አምባራስ ነዋ» አላት እየሳቀ። «እዚያ ካጣችሁት ግን የፈራሁት ደርሷል። ገዳም ልገባ ነው ይል ነበር። ዓለም በቃኝ ይል ነበር። የቤተ ክህነት ልጆች ነን እኮ እኛ፤ አንድ ቀን ደሙ ይጠራል።»

ገዱ ወደ አምባራስ ሰው ላከ። በመንደሩ አለምነህን ከመስከረም ወዲህ ያየ ሰው አልተገኘም።

በዚያው ምሽት፣ ራት ሳትበላ፣ ሠርካለም ኢሜይል ደረሳት። ላኪው አለምነህ ይላል። «ሰዎች ስለኔ እንደሚጠይቁ ሰማሁ። ደህና ነኝ። ራሴን ከዓለም አርቄያለሁ። ለእናቴ ደህና ነው በይልኝ።»

ሦስቴ አነበበችው። እናቲቱ የለመኑት ቃል ይኸው መጥቷል። ሄዳ ብታነብላቸው ያርፋሉ፤ እሷም ታርፋለች። ማመን እንዴት አማራት። ግን ሳትጠይቀው የመጣላት የመጀመሪያው መልስ ይህ ነበር። የምታውቀው አለምነህ ደግሞ የሚናገረው ሲኖረው ይደውላል እንጂ አይጽፍም። ስልኩን ከራሷ አርቃ አስቀመጠችው፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ መሰላት።

ጠዋት ለገዱ አሳየችው።

«ገዳም ከገባስ?» አለ ገዱ። «የሚያጋጥም ነገር ነው። የሚመንን ሰው ደግሞ ለማንም ባይናገር ያስተማሩትን ሳይሰናበት አይሄድም። መምህራቸው አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ አሉ። ከያርጋል ጋር አብረው ነው የተማሩት።»

መርጌታ መልከ ጼዴቅ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ደበሎ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ከደከመ ዓመታት ሆኖታል። ወዲያ ማዶ ተማሪዎች ዜማ ያጠናሉ፤ ድምፃቸው በጉሙ ውስጥ ይመጣል፣ ይጠፋል። ሠርካለም መስቀል ተሳልማ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«የኔታ፣ አለምነህ የሚባል ደቀ መዝሙርዎን ፈልገን ነው።»

«አለምነህ?» መርጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ እኮ ልጄ፣ በዓለሙ ስም አንዱንም አላውቅም። የማን ልጅ ነው?»

«የዳባቷ የየሺወርቅ። ከያርጋል ጋር የተማረው።»

«እህ፣ ሀብተ ሚካኤል በሉኛ። በክርስትና ስሙ ነው የማውቀው።» አማተቡ። «ነፍሱን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።»

ገዱ የያዘውን እስክሪብቶ ደብተሩ ላይ አስተኛው።

«አባ፣ መሞቱን ማን ነገረዎ?»

«ምነው፣ አርባውን እዚሁ አወጣንለት እኮ። ያርጋል ጧፍና ዕጣን ይዞ መጣ፣ ለተማሪዎቹ ዳቦ አስጋገረ። ቤተሰቡ ዳባት ላይ ያወጣል፣ እኔ ግን አብሮ አደጌ ነውና በተማርንበት ደብር ስሙ ይጠራልኝ አለ። ስናደርስ እያለቀሰ ቆመ። ወንድም ማለት እንዲህ ነው ብዬ መረቅሁት።»

«ቀኑን ያስታውሱታል?»

«እንዴታ። የታኅሣሥ አርሴማ ዕለት ነው። በስድስት።»

ገዱ ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። ከታኅሣሥ ስድስት። ኅዳር ሙሉውን ሠላሳ። ከጥቅምት አራት። ጣቶቹ ጥቅምት ሃያ ሰባት ላይ ቆሙ።

ማንም መሞቱን ሳያውቅ፣ እናቱ እንኳ ሳይረዱ፣ አንድ ሰው ቀኑን ቆጥሮ አርባውን አውጥቷል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ጋዜጣው ላይ ሲያናግረው ነበር።

መርጌታ ከፊታቸው ላይ አነበቡት። «እናቲቱ አልሰማችም ወይ?» አሉ። «እኔ እግሬ ይዞኝ ለቅሶ አልደረስኳትም። ትቀየመኛለች እያልኩ እብሰለሰል ነበር። ምን አጠፋሁ፣ ልጆቼ?»

«እርስዎ ምንም አላጠፉም አባ» አለ ገዱ። ተነስቶ መስቀል ተሳለመ።

ያርጋል ወደ ጣቢያው ሲመጣ ሌላ ቦታ እንግዳ የሚጠብቀው፣ የቸኮለ ሰው ይመስል ነበር። ሠርካለም ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ከአለምነህ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አወራህ?» አለ ገዱ።

«ትናንት።»

«በምን?»

«በስልክ። ከሰው ስልክ ደውሎልኝ።»

«ከማን ስልክ?»

«ከመንገደኛ ይሆናል፤ አልጠየቅኩትም።»

«በሕይወት አለ ማለት ነው።»

«አለ እንጂ።»

«ታዲያ አምባ ጊዮርጊስ ሄደህ አርባውን ያወጣኸው ለማን ነው?»

ያርጋል ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ዓይኑ ግን ወደ በሩ፣ ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ እጆቹ ሄደ።

«የኔታ አርጅተዋል» አለ። «ቀን ይስታሉ።»

«አርሴማን አይስቱም። ሀብተ ሚካኤል ብለህ ስሙን የሰጠሃቸው አንተ ነህ። ቀኑንም የቆጠርከው አንተ ነህ። እናቱ የማያውቁትን ቀን።»

ያርጋል እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሲናገር ድምፁ የሕዝብ ግንኙነት ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ባልሄድ ኖሮ ምንም አታገኙም ነበር» አለ። «አውቃለሁ። ግን ነፍሱን እንዴት ብዬ ያለ ጸሎት ልተዋት? አንድ ዳዊት ለሁለት ነው የተማርነው። ማታ ማታ መልሱን ስጽፍላት ከኋላዬ ይቆማል። ‹እኔ እንዲህ አልልም› ይለኛል። አርባው ከወጣ ይተወኛል ብዬ ነበር። አልተወኝም። ይልቁንም የምጽፈው እኔ ልሁን እሱ መለየት አቃተኝ።»

«ለምን ገደልከው?» አለች ሠርካለም። መናገር አልተፈቀደላትም ነበር፤ ገዱ ግን አላስቆማትም።

«ዘሩ አልበቀለም። ወገራም ዳባትም ግማሹ ማሳ ባዶውን ቀረ። አለምነህ ዞሮ አየው። ገበሬው የገዛው እኔን አምኖ ነው፣ ለጋዜጣው እናገራለሁ አለ። እኔ የዘር ድርጅቱን ሥራ የያዝኩት በሱ ስም ነው፤ ቤቴም የሚተዳደረው በዚያው ነው። ያን ጠዋት መደወሉን ሳውቅ ቡይት ራስ ወጥተን እንነጋገር አልኩት። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹ዛሬ ካላነሳችልኝ ነገ እደውላለሁ› አለኝ። ጃኬቱን ያዝኩት። ጃኬቱ እጄ ላይ ቀረ፣ እሱ ሄደ። ከዚያ ሰው ሊፈልገው ሲነሳ አፍ ሰጠሁት። የሚናገር ሰው አይፈለግም።»

«ያን ጠዋት ለኔ መደወሉን በምን አወቅክ?»

ያርጋል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። በዓይኑ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ያ ነው የከበዳት።

«አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። ጻፍሽልኝ እኮ። ‹ባለሙያህ የሚነግረኝ ነገር ሳይኖረው አይቀርም፣ በጠዋት ደውሏል፤ ጠይቀህ ላክልኝ› ብለሽ።»

አስታወሰችው። በሁለት ጣቷ፣ ሌላ ጽሑፍ እያረመች የላከችው መልእክት ነበር። ከላከችው በኋላ ስለሱ አስባም አታውቅም።

ልደቱና የፓርኩ ሰዎች በገመድ ሁለት ቀን ወርደው አገኙት። የቀረው ጥቂት ነበር፤ አንገቱ ላይ የነበረውን ማተብ እናቱ በክሩ አወቁት። ሠርካለም ለጋዜጣዋ የመጨረሻውን ጽሑፍ ስለ አለምነህ ላከች። ከጥቅምት ሃያ ሰባት በኋላ በስሙ የወጣው ሁሉ የሱ ቃል አይደለም፤ ዘሩ እንዳልበቀለ ሊናገር ሲል ተገደለ፤ ስህተቱ የኔ ነው። ብዙ ገበሬ ለሰኔ የገዛውን ዘር ሳይዘራ መለሰ ተባለ።

በቀብሩ ዕለት ተማሪዎቹ መርጌታ መልከ ጼዴቅን በበቅሎ ደግፈው ዳባት አደረሷቸው። ፍትሐቱን ራሳቸው ጀመሩት። ሀብተ ሚካኤል ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ፣ ቆሙ፣ እንደገና ጀመሩ።

ሠርካለም ከአስከሬኑ ሣጥን ወዲያ የሺወርቅን ብቻቸውን አገኘቻቸው። ላለመናገር አንድ ሺህ ምክንያት ነበራት። አንዱንም አልተጠቀመችበትም።

«እማማ፣ ያን ቀን ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። አላነሳሁለትም። ሊናገር መሆኑን ለያርጋል የነገርኩትም እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው። ግን እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ አዩዋት። ዓይናቸው ደረቅ ነበር።

«ብታነሺለት ይኖር ነበር?»

«ይኖር ይሆናል።»

«አልዋሸሽኝም» አሉ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ማሰር ጀመሩ። «ይቅርታሽን ሌላ ቀን መጥተሽ ጠይቂኝ። እምቢም ልልሽ እችላለሁ። ዛሬ ላንቺ የሚሆን ልብ የለኝም፤ ሰባት ወር ሙሉ አታልቅሺው የተባልኩት ልጅ አለኝ።»

ወደ ሴቶቹ ሄዱ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው፤ ሠርካለምም ከኋላ ቆማ የእናቲቱን የመጀመሪያ ዋይታ ሰማች።